ለመርከቧ ተፈቅዷል

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ሳለ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። “ክቡራን መንገደኞች፣ የወደቡ ባለሥልጣናት ለመርከባችን ፈቃድ ሰጥተዋል። አሁን መውረድ ትችላላችሁ።” ኮሪደሩ ወዲያው በእግር ኮቴና በልጆች ጫጫታ ተሞላ። ቱርክ ደርሰናል፤ ኩሻዳሲ። ሰው ሁሉ የጥንቷን ኤፌሶን ለማየት ቸኩሏል።

እኔ ግን ከአልጋው ጫፍ አልተነሳሁም። አንዲት ቃል ይዛኝ ቀረች። “ለመርከባችን” ነው ያሉት። ለመርከቧ ተፈቅዷል። እህቴን ግን ትናንት ግሪክ፣ ፒሬየስ ወደብ ላይ ከእነሻንጣዋ ትቻት መጥቻለሁ።

ጉዞውን ያቀድነው አብረን ነበር። አራት ሌሊት ነው፤ ከፒሬየስ ተነስቶ ሚኮኖስ፣ ኩሻዳሲ፣ ፓትሞስ፣ ሮድስና ሳንቶሪኒ ደርሶ ተመልሶ ፒሬየስ። ታናሽ እህቴ ፓትሞስን ለማየት ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኝ ነበር። ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት ናት ብላ። ሌላው ሁሉ ለእሷ ምርቃት ነው። የሁለታችንም ፓስፖርት ብዙ አገር ቪዛ የሚጠየቅበት ዓይነት ነው። ስለዚህ የሸንገን ቪዛ አመለከትን፤ ግሪክን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት ቪዛ ነው። አገኘን፣ ደስ ብሎን ሄድን።

ተርሚናሉ ውስጥ ያለችው የመርከብ ድርጅቱ ሠራተኛ የእኔን ፓስፖርት ገለጥ አድርጋ አየችና አለፈች። የእህቴን ገለጠች። ቆመች። እንደገና አየች። ከዚያ ቪዛው ላይ ካሉት መስመሮች አንዷ ላይ ጣቷን አድርጋ ወደ እኛ አዞረችው። የመግቢያ ብዛት የሚለው ቦታ ነው። የእኔው “ሙልት” ይላል፤ ብዙ ጊዜ መግባት ይቻላል ማለት ነው። የእሷው “01” ይላል።

“ይቅርታ፣ መሳፈር አይችሉም” አለቻት።

እህቴ አልገባትም። እኔም አልገባኝም። ቪዛው ገና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ግሪክ ከገባን ሁለት ቀናችን ነው። የምንመለሰውም ግሪክ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ሠራተኛዋ በትዕግሥት አስረዳችን። መርከቧ ከሚኮኖስ ተነስታ ኩሻዳሲ ስትቆም ከሸንገን ክልል ወጥታለች። ማታ ፓትሞስ ስትደርስ እንደ አዲስ ትገባለች። ላይዋ ያለ ሰውም አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይገባል። እህቴ ያላትን አንድ መግቢያ አየር ማረፊያው ላይ ተጠቅማበታለች። ፓትሞስ ላይ የሚያስገባት ነገር የላትም።

“ቱርክ ላይ ከመርከብ ባልወርድስ?” አለቻት እህቴ።

“መርከቧ ከወጣች እርስዎም ወጥተዋል።”

ጉዞውን የሸጠልን ሰው ይህን አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም። ካርታው ላይ ስናየው አንድ ባሕር ነው። የግሪኳ የሳሞስ ደሴት ከቱርክ ዳርቻ በዓይን ትታያለች። ድንበሩ ግን እዚያ ውኃ ላይ አለ። መርከቧ በላዩ ስታልፍ ማንም አይነቃነቅም፤ ሰው እራቱን ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ይተኛል።

“አንተ ሂድ” አለችኝ። እምቢ አልኩ። ተከራከርን። ወረፋው ከኋላችን እየረዘመ ነበር። “ሁለታችንም ከምንቀር አንተ እንኳ እይልኝ። ፓትሞስን ፎቶ አንሳልኝ” አለች። አላለቀሰችም። ያ ነው የባሰብኝ። ሄድኩ። ትክክል አደረግኩ ብዬ እስከዛሬ አልናገርም።

በኋላ ሳስበው፣ እህቴን ያስቀራት አንድም የኢሚግሬሽን ሰው የለም። ደንብ ልብስ የለበሰ፣ ማህተም የያዘ ሰው አላየችም። ያስቀራት የድርጅቱ ተቀጣሪ ነው። ይህ ድንገተኛ ነገር አይደለም፤ ሕጉ ራሱ እንዲህ እንዲሆን አድርጎ ነው የተሠራው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መመሪያ ተገቢውን ሰነድ ያልያዘ ሰው ጭኖ የመጣ አጓጓዥ እንዲቀጣ ያዛል። አገሮቹ ከፍተኛውን ቅጣት በአንድ ሰው ከ5,000 ዩሮ እንዳያሳንሱ፣ ወይም ዝቅተኛውን ከ3,000 ዩሮ እንዳያወርዱ አማራጭ ሰጥቷል። ያልተፈቀደለትን ሰው መልሶ የመውሰድ ግዴታም የአጓጓዡ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጣችው ሕግ የተከለከሉ ስደተኞችን የመርከብ ድርጅቶቹ በራሳቸው ወጪ እንዲመልሱ አድርጋለች። ያ ልጅቷ ላይ የነበረኝን ንዴት አቀለለልኝ። ከኋላዋ ማን እንደቆመ ገባኝ።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፓስፖርቴን ተቀብላኝ ነበር። ከአንድ አገር በላይ በሚነካ ጉዞ ላይ ይህ የተለመደ ነው። መርከቧ የመንገደኞቹን ፓስፖርት ሰብስባ ትይዛለች፣ መጨረሻ ላይ ትመልሳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው በጣም ያስጨንቃል። በሰው አገር ስትሆኑ ከኪሳችሁ የማይወጣው ነገር እኮ እሱ ነው። በምትኩ የክፍል ቁልፍም፣ መታወቂያም፣ የሒሳብ ደብተርም የሆነ አንድ ካርድ ይሰጣችኋል። ፓስፖርታችሁን ቅጂ አንሥታችሁ ያዙ፤ ስልካችሁም ላይ፣ ወረቀትም ላይ።

ሚኮኖስን ስንለቅ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሊነጋጋ ሲል ወደ ላይ ወጥቼ የመርከቧን የብረት አጥር ተደግፌ ቆምኩ። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ጀልባ መጣችና መርከቧን ወደ ወደቡ የሚመራውን ሰው አድርሳ ተመለሰች። ገመዱ ታሰረ። መወጣጫ ድልድዩ ተዘረጋ። ማንም ሳይወርድ፣ ከታች ሦስት ሰዎች ወደ ላይ ወጡ። አንዱ ቦርሳ ይዟል። ሁለቱ ደንብ ልብስ ለብሰዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ያ ድምፅ ማጉያ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ቦርሳ የያዘው የመርከብ ወኪል መሆን አለበት። ድርጅቱን ወክሎ ከወደቡ፣ ከጉምሩኩ፣ ከጤናውና ከኢሚግሬሽኑ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ዋናው ሥራ ግን ቀድሞ አልቋል። የመርከቧ የተሳፋሪዎች ዝርዝር መርከቧ ሳትደርስ ወደቡ ጋ ይደርሳል። ሸንገን ውስጥ ደንቡ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ነው፤ መንገዱ ከዚያ ካጠረ ደግሞ ከቀደመው ወደብ ስትነሳ። ዝርዝሩ ላይ ስም፣ ዜግነት፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የት ተሳፍሮ የት እንደሚወርድ ሁሉ አለ። እኛ ስንተኛ ስማችን አንድ በአንድ እየታየ ነበር ማለት ነው። ፊታችንን ያላዩን ሰዎች ወረቀታችንን አይተው ጨርሰዋል።

ይህ አሠራር ዓለም አቀፍ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ላይ በጸደቀው የባሕር ትራፊክ ማቀላጠፊያ ስምምነት ነው። ሥራ ላይ የዋለው በ1967 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ወደብ የራሱን ቅጽ፣ በራሱ ብዛት ይጠይቅ ነበር። ስምምነቱ ቅጾቹን አንድ ዓይነት አደረጋቸው። ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ ደግሞ አገሮቹ መረጃውን በአንድ የኤሌክትሮኒክ መስኮት መቀበል ግዴታቸው ሆኗል።

ለእኔ ከሁሉ የከበደችው የስምምነቱ አንዲት አንቀጽ ናት። የመዝናኛ መርከብ ወደብ ላይ የሚቆየው ከ72 ሰዓት በታች ከሆነ መንገደኞቹ ቪዛ እንዲይዙ አይጠየቁም ትላለች፤ ባለሥልጣናቱ የሚወስኑት ልዩ ሁኔታ ካልኖረ በቀር። ኩሻዳሲ ላይ ያወረደኝ የዚህ መንፈስ ነው። ቱርክ ለወደብ ጎብኚዎች እስከ 72 ሰዓት የሚሆን የቪዛ ነፃ ፈቃድ ትሰጣለች። በአየር ብመጣ ቪዛ የምጠየቅበትን አገር በካርድ ብቻ ረገጥኩት። “ልዩ ሁኔታ ካልኖረ በቀር” የምትለዋን ግን አትርሷት። ብዙ አገሮች በእሷ ተጠቅመው የተወሰኑ ፓስፖርቶችን የያዘ ሰው ቪዛ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ስለ አንድ ወደብ የሰማችሁትን ለሌላው አትገምቱ። ጎረቤታችሁ ያለ ቪዛ ወረደ ማለትም እናንተ ትወርዳላችሁ ማለት አይደለም።

ደግሞ ያ የ72 ሰዓት ፈቃድ የማን እንደሆነ አስቡት። የእናንተ አይደለም፤ ከመርከቧ ጋር የታሰረ ነው። ኤፌሶን ላይ ቆማችሁ ሰዓት ቢያልፍና መርከቧ ብትሄድ፣ ጠዋት እንግዳ የነበራችሁት ሰዎች ከሰዓት በኋላ ቪዛ የሌላችሁ ሰዎች ናችሁ። ለዚህ ነው ሰው ሲቀር ሠራተኞቹ ፓስፖርቱን አውጥተው ለወደቡ ወኪል ትተውለት የሚሄዱት። ታሞ በአምቡላንስ የሚወርድ ሰውም እንዲሁ ነው። የወኪሉ ስልክ ቁጥር በየቀኑ በሚታደለው የፕሮግራም ወረቀት ላይ ይጻፋል። ስትወርዱ ወረቀቱን ፎቶ አንሡት። እኔ ኩሻዳሲ ላይ አንሥቼ ነው የወረድኩት።

ወረድኩ፤ አዎ። መውጫው ላይ ካርዴን አስነካሁ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ፎቶዬ ጠባቂው ፊት ያለው ስክሪን ላይ ወጣ። ዓይኑን ከስክሪኑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ስክሪኑ አደረገ። “መልካም ቀን” አለኝ። አለቀ። የአገር ድንበር ተሻገርኩ። ሦስት ሰከንድ አይሞላም። እህቴን ያስቀራት ነገርና እኔን ያሳለፈኝ ነገር በአንዲት መስመር ነው የሚለያዩት።

ማታ ይህን ለሚያስተናግደኝ ልጅ ነገርኩት። ከእስያ ነው የመጣው፤ መርከብ ላይ ሲሠራ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና “እኔ ዛሬ አልወረድኩም” አለ። ወደብ ላይ አደጋ ቢመጣ መርከቧን የሚይዙ ሠራተኞች በተራ ላይዋ ይቀራሉ። የዛሬው ተራ የእሱ ነበር። ከዚያ ስለ አሜሪካ ነገረኝ። እዚያ የባሕር ሠራተኛ መሬት ለመርገጥ የራሱ የሆነ ቪዛ ያስፈልገዋል። አንዴ ሥራ መሃል ላይ ቪዛው አለቀበት። መርከቧ በየሳምንቱ ወደቡ ላይ ትቆማለች። ጓደኞቹ ወርደው ለቤተሰብ ስልክ ይደውላሉ፣ ዕቃ ይገዛሉ። እሱ ሕንጻዎቹን ከመርከቧ አጥር ላይ ሆኖ ያያል። “የመንገዱን ስም ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ረግጬው ግን አላውቅም” አለኝ። ስለ ወደብ ምርመራ ስናወራ ስለ መንገደኛው ብቻ ነው የምናወራው። መርከቧን የሚያንቀሳቅሱት ግን እነሱ ናቸው።

አጠገቤ እራት የሚበሉት ጡረተኛ ባልና ሚስት ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩኝ። ካሪቢያን ላይ ሁለት ጉዞ አከታትለው ይይዛሉ። መርከቧ አሜሪካ ወደብ ስትመለስ ግን ወዲያው የሚቀጥሉትም ቢሆኑ ወርደው ኢሚግሬሽን ፊት መቅረብ አለባቸው። ላይዋ አንድም መንገደኛ የለም፣ ቆጠራው ዜሮ ነው እስኪባል ማንም አዲስ ሰው አይሳፈርም። አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ቢቀር ስሙ በድምፅ ማጉያ እየተጠራ ሺዎች ይጠብቁታል። እዚያ ዝርዝር ብቻ አይበቃም። ፊት ይታያል።

ስለ ፊትና ስለ ዝርዝር ካነሣሁ፣ ኤሊስ ደሴትን ሳልጠቅስ አላልፍም። ኒው ዮርክ ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1፣ 1892 ተከፍቶ እስከ 1954 የቆየ የስደተኞች መቀበያ ነው። ወደ 12 ሚሊዮን ሰው አልፎበታል። ብዙዎቻችን ሁሉም እዚያ የተሰለፈ ይመስለናል። አልነበረም። የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች እዚያው መርከቡ ላይ ቶሎ ታይተው በቀጥታ ይወርዳሉ። ወደ ደሴቷ በጀልባ ተጭነው የሚሄዱትና ሐኪም ፊት የሚሰለፉት የሦስተኛ ማዕረጎቹ ናቸው። መርከቧ አንድ ናት፤ ምርመራው ሁለት። ያኔ የሚለየው ቲኬቱ ነበር። እኔና እህቴ አንድ ዓይነት ቲኬት ነበረን።

አንድ መርከብ አለ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ የማይወጣ። ሴንት ሉዊስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1939 ከሃምቡርግ ወደ ሃቫና 937 ሰው ይዞ ተነሳ። አብዛኞቹ ከናዚ ጀርመን የሚሸሹ አይሁድ ናቸው። የኩባ የመውረጃ ፈቃድ በእጃቸው ነበር። ፈቃዱ ግን ከመነሳታቸው በፊት ተሽሮ ነበር፤ ብዙዎቹ አላወቁም። መርከቡ ሃቫና ወደብ ገብቶ መልሕቁን ጣለ። መርከቡ ተፈቅዶለታል። ሰዎቹ አልተፈቀደላቸውም። እንዲወርዱ የተፈቀደላቸው 28 ብቻ ናቸው። ዘመዶቻቸው በትንንሽ ጀልባ እየመጡ ከታች ሆነው ስማቸውን ይጠሩ ነበር። አሜሪካም አልተቀበለቻቸውም፤ ካፒቴን ጉስታቭ ሽሮደር ወደ አውሮፓ መመለስ ግድ ሆነበት። ከተመለሱት 254ቱ በኋላ ናዚዎች አይሁድን በጨረሱበት እልቂት ሞተዋል።

የእህቴ ነገር ከዚህ ጋር አይወዳደርም። እሷ ያመለጣት ሽርሽር ነው፤ እነዚያ ሕይወት ነው። ግን የመርከቧን አጥር ተደግፌ ወደ መሬት ሳይ፣ ወደብ ድሮም እንዲህ ዓይነት ቦታ እንደነበረ ታየኝ። መርከብ ይገባል፤ ሰው የሚገባው ከዚያ በኋላ በሌላ ጥያቄ ነው።

ፓትሞስ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ዮሐንስ ራእዩን አየበት ወደሚባለው ዋሻ የሚወስደውን አቀበት በእግሬ ወጣሁ። ፎቶ አነሣሁ። ስልክ ደወልኩላት። “ምን ይሸታል?” አለችኝ። ጥድ ይሸታል አልኳት። ዝም አለች።

አምስተኛው ቀን ላይ ፒሬየስ ፓስፖርቴ ተመለሰልኝ። ገልጬ አየሁት። የመውጫና የመግቢያ ማህተሞች አርፈውበታል፤ ጥግ ላይ ትንሽ የመርከብ ሥዕል አላቸው። አየር ማረፊያ ላይ የተመታው አውሮፕላን ነው ያለው። ማን እንደመታቸው፣ መቼ እንደመታቸው አላየሁም። አሁን እነዚህ ማህተሞች እየቀሩ ነው። ከኦክቶበር 12፣ 2025 ጀምሮ የሸንገን አገሮች የሌላ አገር ዜጎችን በፊት ፎቶና በአሻራ ወደ መመዝገብ ገብተዋል።

መንገድ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ስሙኝ። ጉዞው የሚጀምርበትን አገር ብቻ አትዩ። የሚቆምባቸውን ወደቦች ሁሉ በወረቀት ጻፉና በየመሃላቸው ድንበር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሸንገን ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ ማመልከቻው ላይ ብዙ ጊዜ መግቢያ ብላችሁ ጠይቁ፤ የመርከቧን የጉዞ ፕሮግራም አያይዙ። ክሮኤሺያ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፤ ጎረቤቷ ሞንቴኔግሮ አይደለችም። አንድ ሌሊት በማይሞላ የመርከብ መንገድ ደንቡ ይለወጣል። ቪዛው ሲመጣ ፎቶውንና ቀኑን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ስማችሁ ቲኬቱ ላይ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የሚሸጥላችሁ ሰው “ችግር የለም” ካላችሁ፣ የመርከብ ድርጅቱን ራሱን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ያዙ። እኛ ይህን አንድ ደብዳቤ ብንጽፍ ኖሮ ሁለት ሆነን እንወጣ ነበር።

እህቴ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለከተች። ያኔ አብሬያት አልነበርኩም። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለች። ሰላምታ አላለችም። ፖስታው ሲቀደድ ይሰማኛል። ከዚያ ገጽ ሲገለጥ። ፀጥ አለች፤ መስመሯን እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ።

“ሙልት ይላል” አለች።